ሁለቱ ቆቦች

«መታወቂያ ለማውጣት ነው?» አላት፣ በሂማላያ ሥር ባለች የኔፓል ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ።

«ኧረ ለጋብቻ ነው፤ እባክህ ቶሎ በልልን!» አለች ቢማላ። እሷ ከቼትሪ ጎሳ፣ እጮኛዋ ኖርቡ ከታማንግ ጎሳ ነው። «የሌላ ጎሳ ሰው ቤቴ አይገባም» ያሉት አባቷ ሳይደርሱ ሁለቱ መፈረም አለባቸው። የኖርቡ አባት ለምስክርነት አብረዋቸው ቆመዋል።

አባቷ ደረሱ። ቢማላ የኖርቡን እጅ ጨብጣ ያዘች። ሽማግሌው ግን ቆባቸውን አውልቀው ለኖርቡ አባት ደፉላቸው፤ የሰውየውንም ወስደው ራሳቸው ላይ አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ!» ብለው አቀፏቸው። የኖርቡን አባት ቼትሪ ሲያቅፋቸው ይህ የመጀመሪያው ነበርና እንባቸው መጣ። ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ።

አባቷ ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ልማዱን ታውቃላችሁ፤ ቆብ የተለዋወጡ አባቶች ልጆች እህትና ወንድም ናቸው። አይጋቡም።»

ኖርቡ እጇን ለቀቀ።