ሌንስ የጠፋበት ሳጥን

«ለካሜራ ሌንስ ማግኘት? ለእኔ ሻይ ውስጥ ስኳር እንደመጨመር ነው!» ትላለች ልጅቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት። አሮጌ የፊልም ካሜራ መሰብሰብ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ካሏት አራት ካሜራዎች ፎቶ የሚያነሳው አንዱ ብቻ ነው።

ከሁሉም የምትኮራው ግን በቆዳ በተለበጠ፣ ፊቱ ላይ ሌንስ በማይታይ ጥቁር ሳጥን መሰል ካሜራ ነበር። «ሌንሱ ሲጠፋ አፉን ደፍነውት ነው» ብላ ራሷ ፈረደች። ሳጥኑን ሌባ እንዳይመነትፋት ቤት ትታ፣ የፊቱን ልክ ብቻ ወረቀት ላይ ስላ፣ ሌንስ ፍለጋ ሁለት ወር ሙሉ የመርካቶውን ምናለሽ ተራ አመሰችው።

በመጨረሻ ፒያሳ ያሉት ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ጋሽ ሽብሩ ከመሳቢያቸው አንድ ሌንስ አወጡላት። ወረቀቷ ላይ አስቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«ልክክ ያለ ነው! በምን ይሰጡኛል ጋሼ?»

«አንገትሽ ላይ ባንጠለጠልሽው ካሜራ።»

ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነበር። ሆኖም አውልቃ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ሌንሱን እንዲገጥሙላት ሳጥኑን ታቅፋ ከተፍ አለች። ጋሽ ሽብሩ ሳጥኑን አገላብጠው አዩና ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ጫን አደረጉ። የሳጥኑ ክዳን ቀጭ ብሎ ተከፈተ፤ ከውስጡ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ቆዳ ተዘረጋ። ጫፉ ላይ የራሱ ሌንስ ያብረቀርቃል።

ልጅቷ በካሜራዋ የለወጠችውን ሌንስ ወደ ጋሽ ሽብሩ ገፋ አደረገችው።

«እንግዲያውስ ካሜራዬን ይመልሱልኛ ጋሼ!»

«እሱማ ትናንትናውኑ ተሸጠ። እኔ ሌንስ ነው የሰጠሁሽ፤ ዓይን ከየት ላምጣልሽ?»