የሕመም ቁጥር

ሐኪሙ ባሕር ማዶ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ እንደ ወይዘሮ አትጠገብ ያናደደው በሽተኛ አልነበረም። የወጣ ማህፀኗን ሃያ ዓመት ሙሉ በመቀነት ጠፍራ፣ ለማንም ሳትተነፍስ ውሃና እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት፣ ቀዶ ጥገናው በሰመረላት በአምስተኛው ቀን እንደ ሕፃን ታቃስታለች።

«ከዜሮ እስከ አሥር፣ ሕመሙ ስንት ነው?» ይላታል በየጠዋቱ።

«አሥር።»

ቁስሉን ደጋግሞ በማደንዘዣ ወግቶላታል። አሁንም አሥር! አንዳንዴ የተማረውን ራሱን ይጠራጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እሷን ይንቃል። ይህቺ መቁጠር የት ታውቃለች፣ የሰማችውን ትልቁን ቁጥር ነው የምትጠራው።

ዛሬ በመስኮት አጮልቆ ሲያይ፣ በአጠገቧ አልጋ ለተኛችው በሽተኛ ሹሩባ እየሠራች ትስቃለች። በሩን በርግዶ ገባ። አልጋዋ ላይ ዘጭ ብላ ማቃሰት ጀመረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንም አያምሽም! ያን ሁሉ መድኃኒት በከንቱ አስጨረስሽኝ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ!»

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «በሩ ላይ ነው።»

ባሏ ቆቡን አውልቆ ብቅ አለ።

«ድናለች ማለት ነው፣ ዶክተር? ተመስገን! ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ገዝቼ ከመኪና መንገዱ ዳር አስቀምጫለሁ። እስከ ቤት እሷ ትሸከምልኝ፤ እኔ እንኳ ወገቤን ያመኛል።»

ወይዘሮ አትጠገብ አላቃሰተችም። ጣራ ጣራውን ታያለች።

ሐኪሙ ካርዷን አነሳ። ሳይጠይቃት «አሥር» ብሎ ጻፈ።