የስልክ አያት

ስልክ የሰውን ሁሉ አነጋገር ወደ አንድ ዓይነት ለውጦ ለሰሚው ማሰማት ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በአነጋገሩ ተለይቶ ሥራ የተከለከለ፣ የሚከራየው ቤት ያጣ ሰው በዝቶ ስለነበር ብዙዎች ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉት። ይመርም አንዱ ነበር።

የሰባት ዓመት ልጁ ነጃት ለጋምቦ ካሉት አያቷ ከወይዘሮ ሉባባ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ታወራለች፤ ተረት የሚነግሯትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ አያቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳማ መጡ። ገና ከበሩ ሲገቡ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ነይ እስቲ ልጀ! ተለጋምቦ ድረስ አንችን ብየ መጥቸ!» አሏት።

ነጃት ከአባቷ ጀርባ ተሸሸገች።

«አባዬ፣ የኔ አያት እኚህ አይደሉም። የኔ አያት እንደዚህ አይናገሩም።»

ይመር አፈረ። እሱም ቢሆን የናቱን አነጋገር በጆሮው ከሰማ ስንት ዘመኑ! ልጁን ሊቆጣ ሲል እናቱ ከለከሉት።

«ተዋት፣ ምን ታድርግ? ስልኬን አቀብለኝ» አሉና መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ወዲያው የነጃት ስልክ ጠራ።

«ነጃትዬ፣ የጅቡን ተረት የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አላት የምታውቀው ድምፅ።

ፊቷ በራ። «አህያዋ ወንዝ ልትሻገር ስትል!»

አያቷ ቀጠሉ። ጅቡ ሲታለል እንደ ልማዳቸው ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ በስልኩም በበሩም በኩል እኩል ተሰማ፤ አንድ ዓይነት ነበር።

ነጃት ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በሩን ከፈተችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንደገና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች። «በዚህኛው አፍዎ።»