ጉርሻ በዘፈኑ መሀል

አባባ ጎፉር ሳህኑን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኛቸው ሩዝና የበግ ሥጋ ጠቅልለው መድረኩ ላይ ወጡ። የሙሽራዋ አያት ናቸው። ማርጊላን ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ሲያጎርስ እምቢ የሚል ሰው ያሳደጉትን ያሰድባል።

ዘፋኙ ሳንጃር ማይኩን ከአፉ ሳያርቅ በዐይኑ ተማጸናቸው። «ቆይ፣ አባባ» እንዳይል ድምፅ ማጉያው ውስጥ እየዘፈነ ነው። ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ሊደርስ ነው።

«አፍህን ክፈት እንጂ፣ ልጄ! በባዶ ሆድህ ልትሞትልን ነው?»

ሳንጃር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊቱን ዞር አደረገ።

«ምነው? እጄን ተጸየፍከው?»

ሚዜዎቹ «ጉረስ! ጉረስ!» እያሉ አጨበጨቡ። አፉን ከፈተ። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ገፍተው አስገቡለት። ጉንጩ አበጠ፣ ዘይቱ በአገጩ ወረደ። ዘፈኑ ግን ጥርት ብሎ፣ ከፍ ብሎ ቀጠለ።

ቀድማ የሳቀችው ፊት ለፊት የተቀመጠች አሮጊት ናት። «እንዴ! ይሄ ልጅ በአፍንጫው ነው እንዴ የሚዘፍነው?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ስልኮች ተነሡ።

«ኧረ ትን እንዳይለው፣ ለዘፋኙ ውሃ ስጡት!»

«ለየትኛው?»

ሳንጃር ማኘክ አቃተው። ድምፁ የታላቅ ወንድሙ የቶልቂን ነው። የቶልቂንን ግማሽ ፊት ልጅ ሳለ የፈላ ዘይት አቃጥሎታል። ዘፈኑን የቀዳው ሰውዬ ሁለቱን አየና «ድምፁ ካንተ፣ መልኩ ካንተ» አለ። ማንም አልተቃወመም። የሳንጃር ፎቶ ከታሽከንት እስከ አንዲጃን በየግድግዳው ሲለጠፍ፣ ቶልቂን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጭብጨባውን ከሩቅ ያዳምጥ ነበር። ባለፈው ጸደይ የሳንባ በሽታ ገደለው። ሬሳ አያድርምና በዚያው ቀን ቀበሩት፤ ሳንጃር ግን ሰርግ ነበረበት። ወንድሙ ጉድጓድ ሲገባ እሱ በወንድሙ ድምፅ ሰው ያስጨፍር ነበር።

«አጥፋው! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ የሙሽራው አባት ድምፅ ማጉያው ጋ በተቀመጠው ሰውዬ ላይ ጮኸ።

ሳንጃር እንደምንም ዋጠ። «አታጥፋው! ይጨርስ!»

ይሄ የራሱ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ሻካራ። ሰዉ ሰምቶት አያውቅም። እንደገና ሳቁበት።

አባባ ጎፉር ብቻ አልሳቁም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ታዲያ ይሄ የሚዘፍነው ማነው?»

«ወንድሜ ነው፣ አባባ። ቶልቂን ይባላል።»

ስሙን በሰው ፊት ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ይህን የመሰለ ድምፅ ይዞ ምን አስደበቀው?» ሽማግሌው ከሳህኑ ሌላ ጠቀለሉ። ከፊተኛው ይበልጣል፤ ለክቡር እንግዳ የሚቀመጠውን የጅራት ስብም ጨመሩበት። «በል ጥራው። የሱን ጉርሻ ላንተ ሰጥቼበታለሁ፤ እሱም ይጉረስ።»

ሳንጃር ማይኩን ከአፉ ዝቅ አደረገ። ከኋላው ቶልቂን የመጨረሻውን ስንኝ ጨረሰ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ከዚያም ድምፅ ማጉያው ዝም አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ የግቢውን በር ያያሉ። ስቡ እየቀለጠ በክንዳቸው ወደ እጅጌያቸው ይወርዳል።