ቀን ያስገቡ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባለሙያው የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሳሎን ገባ። ሴትዮዋ ወንበር ስባ ጠበቀችው። ኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ድሮ ነጭ የነበረው ቀለሙ ወይቧል።

«ምን ሆነብዎት?» አላት።

«በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቀኛል። ቋንቋ ይምረጡ፣ ቀን ያስገቡ፣ ሰዓት ያስገቡ። ሁሉንም መልሼ ስጨርስ ድርግም ይልና ያንኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል።»

«ኧረ ይሄማ ቀላል ነው፣ እትዬ! አያስቡ።»

«እንዴት አላስብ፣ ወንድሜ? ልጄ ያለችው እዚህ ውስጥ ነው።»

ባለሙያው ቀና ብሎ አያት። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ እንደሞተች፣ ፎቶዎቿ ሁሉ እዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ እንዳሉ ነገረችው። ከተከፈተ ታያታለች፤ ካልተከፈተ ልጅቱ የለችም።

«ያጥናዎት። ሳልከፍትልዎት ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለ። ክፍሉ ጨለም ብሎበት ስለነበር እጁን ከመጋረጃው ኋላ ሰዶ የመብራቱን ማብሪያ ተጫነና ሥራ ጀመረ።

የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሁሉ አንድ አመል አለበት፤ ከሱ በፊት የነካካውን ሰው ሳይሰድብ እጁ አይፈታም። ይሄኛውም ያው ነው።

«ይሄን ክዳን ማን ነው ሲፈታው የኖረው? ብሎኑ እኮ ተበልቶ አልቋል!»

«አንድ ባለሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ፈትቶታል።»

«እባክዎ ባለሙያ አይበሉት! እንዲህ ያለውን ሰው እጁን አስሮ ማስቀመጥ ነበር።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ሻይ አመጣችለት። አንዴ ፉት ብሎ «እንዲህ ነው ሻይ!» አለ። ስኳሩ ልክ እሱ እንደሚወደው ነበር።

ክዳኑን አነሳ። የዚህን ያህል ያረጀ ኮምፒዩተር ውስጡ ቅንጣት አቧራ አልነበረበትም። ባለሙያው ከመሀል አንዲት ክብ ባትሪ ፈልቅቆ አወጣ።

«ይኸው፣ ሌባው ተያዘ! ቀኑንና ሰዓቱን የምታስታውስለት ይህቺ ናት። እሷ ከሞተች በተነሳ ቁጥር አሁን እንደተወለደ ነው። ትናንት የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ያመው ይሆን?»

«ማንን?»

«ኮምፒዩተሩን።»

ባለሙያው ከት ብሎ ሳቀ። «ምኑ ያመዋል! መርሳቱንም አያውቀውም። የሚያመውስ ቁጭ ብሎ መልስ የሚሰጠውን ሰው ነው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ባትሪዋን አገላብጦ ሲያይ ግን የሱም ሳቅ ጠፋ። ጠርዟ በጥፍር ተጫጭሯል። «እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ይህቺን ባትሪ ሆን ብሎ የሚያወጣና የሚያስገባ ሰው አለ። ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከባሌ ጋር።»

«እሱ ታዲያ ልጅቱን እንዲያዩ አይፈልግም?»

ሴትዮዋ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «መኪናውን የነዳው እሱ ነው። ጠጥቶ ሞቅ ብሎት ነበር። ልጅቱን ተዋት፣ ብቻህን ሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። መኪናው ተገለበጠ፤ እሷ ሞተች፣ እሱ ተረፈ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን በደልኩሽ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራው ላይ ይቀመጣል።»

የባለሙያው ደም ፈላ። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ማሻሸት ጀመረ፤ ሲናደድ ያሳክከዋል።

«ወይ ጉድ! ልጁን በልቶ እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ እርስዎን ብሆን አልለቀውም። በየጠዋቱ ፎቶዋን ፊቱ ላይ ደቅኜ ይህቺ ማን ናት እለው ነበር። እስኪሞት ድረስ፣ በየጠዋቱ!»

«አይበዛበትም?»

«ምን ሲደረግ! እንዲያውም ያንሰዋል።»

«እሺ» አለች ሴትዮዋ።

ደግነቱ ቦርሳው ውስጥ አንዲት አዲስ ባትሪ ተገኘች። ባለሙያው አስገብቶ ክዳኑን ገጠመና ኮምፒዩተሩን አስነሳው። ጥያቄዎቹ መጡ። ቋንቋውን መረጠ። ቀኑን ሴትዮዋን ጠየቃት። የነገረችው ዓመት እሱ ካሰበው ስለራቀ ግር አለው፤ ግን ከደንበኛ ጋር መከራከር ስለማይወድ እንዳለችው ጻፈ። አጥፍቶ እንደገና አስነሳው። በዚህ ጊዜ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ተከፈተ።

«አላልኩዎትም!» ብሎ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ደስታው የእውነት ነበር፤ ይህቺ ምስኪን እናት ልጇን ልታይ ነው።

«እርስዎ ይክፈቱልኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች። እጇ ግን ጭኗ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ወንበሯን ዞር አድርጋ ኮምፒዩተሩን ትታ ወደ እሱ ፊት ተመለከተች።

ባለሙያው የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈተ። የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አንድ ሰውዬ ትከሻ ላይ ተፈናጥጣ፣ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ጨምድዳ ይዛ ትስቃለች። ሰውዬውም ይስቃል።

«እንዴት ታምራለ...» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ወደ ፎቶው ተጠጋ። ሰውዬውን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ መልሶ ሰውዬውን አየ፤ የገዛ ፊቱ ነበር። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ልቅሶው ቤቱን ሞላው።

ሴትዮዋ እስኪበቃት አየችውና አሮጌዋን ባትሪ ከጠረጴዛው ላይ ለነገ አነሳቻት። «ስትተኛ መልሰህ ትረሳታለህ» አለችው፤ «አይዞህ፣ ነገ ጠዋትም እኔ አለሁልህ።»