የፋሲካ ተረኛ

የክሊኒኩ ኃላፊ የፋሲካ ተረኛ እንድትሆን የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ሲሰጧት፣ ነርሷ ተሾመች እጇን አልዘረጋችም። “ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ ሁለት ሕፃናት አሉኝ። በዓሉን ከልጆቼ ጋር ነው የምውለው” አለች ፈርጠም ብላ። ኃላፊው ጥቂት አሰቡና ቁልፉን ለባልደረባዋ ለወለተኪዳን ሰጧት። ልጅ ስለሌላት በዓል በመጣ ቁጥር ተረኝነቱ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ይወድቅ ነበር።

ወለተኪዳን አልተከራከረችም። “እናቴ ዘንድሮም አገር ቤት ሞላሌ ብቻዋን ልትፈስክ ነው” አለች ብቻ።

ተሾመች በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች። ይህን እስከዚያች ቀን አስባው አታውቅም። ተመልሳ ቁልፉን ከወለተኪዳን እጅ ወሰደች። “አንቺ ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ፈስኪ።”

“ልጆቹስ?” አሉ ኃላፊው ግራ ገብቷቸው።

“ይዣቸው እመጣለኋ! ዶሮውንም እዚሁ እንበላለን፤ እርስዎም ብቅ ይበሉ” አለች ነጠላዋን እያጣፋች።