የጠፋው ድምፅ

«ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...»

ወጣቱ አልጋው ላይ እንዳለ ሰምቶት ደነገጠ። የጋሽ ድንቁ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ የምታሰማው ይህ ድምፅ በየማለዳው ሕልሙን እያቋረጠ ሲያማርረው ከርሞ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍቶለት ነበር። የግቢው እናቶች ግን «ልጆች፣ መኪና!» እያሉ ልጆቻቸውን የሚሰበስቡት እሱን ሲሰሙ ነበር።

ዛሬ ማንም አልተጣራም። ድምፁም ቀጠን ብሎበታል። መጋረጃውን ገለጠ።

የሦስት ዓመቷ ኤልዳና ከመኪናዋ ኋላ ቆማ፣ በአፏ «ጢጥ፣ ጢጥ» ትላለች። መኪናዋ ወደ እሷ እየመጣች ነው።

በባዶ እግሩ ሮጦ የመኪናዋን ጎን በጡጫ ደበደበ። «ቁም! ጋሼ፣ ቁም!»

መኪናዋ ሕፃኗ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

እናቷ ልጇን አቅፋ የሱን ትከሻ እየሳመች አለቀሰች። «አንተን ያቆይልኝ የኔ ጌታ! እኛ ፈዛዛ እያልን ስናማህ!»

ጋሽ ድንቁ ላብ አጥምቆት ወረደ። «ድምፅ ማሰሚያው ተቃጥሎ መስሎኝ ዛሬ ነገ ስል! እኔን አፈር ያስበላኝ!» እያለ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቆይቶ ከዚያው ሆኖ ተጣራ፦ «ሽቦው ተቆርጧል እኮ! እስቲ የኔ ልጅ፣ የዛሬ ሦስት ቀን ለመስኮትህ ብለህ የወሰድካትን ፒንሳ አምጣልኝ፣ ልቀጥለው።»

ክፍሉ ገብቶ ፒንሳዋን አመጣ። ከመኪናዋ ሥር በተዘረጋው እጅ ላይ አስቀመጣት። እናትየው «ና ቁርስ ብላ እንጂ» እያለችው፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ በግቢው በር ወጥቶ ሄደ።